የንጉሡ በቃ

(ደብረ ማርቆስ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ትርዒት ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው። የድሮ የእንግሊዝ ተውኔቶችን የሚያሳየው የደጀ ብርሃን ቴአትር ጓድ ሁለት መሪዎች፣ አዘጋጅና ተርጓሚው መርዕድ የንጉሥ ካባ ደርቦ፣ ሥራ አስኪያጇና ተዋናይቷ ስንዱ ጥቁር ለብሳ፣ ባዶው አዳራሽ መድረክ ላይ ቆመዋል።)

ስንዱ፦ ካባው ይቆይ! ለመርማሪው ምን ብለህ ነው ቃል የሰጠኸው?

መርዕድ፦ የጠየቀኝን መለስኩለት። ነይ እስቲ ይቺን የኋላዋን ቁልፍ ያዢልኝ፤ ለባልሽ ትከሻ የተሰፋ ሆነና እየተንሸራተተ አስቸገረኝ።

ስንዱ፦ ምን ጠየቀህ?

መርዕድ፦ «እንግሊዙ ሰውዬ በጻፈው ውስጥ ንጉሡ ሲታነቅ በቃ ይላል ወይ?» አለኝ። አይልም አልኩት። አይልምም! መጽሐፉ አለ፤ እንግሊዝኛ የሚያነብ ገልጦ ይየው። ንጉሡ ዝም ብሎ ነው የሚሞተው።

ስንዱ፦ ዝም ብሎ?

መርዕድ፦ አንዲት ቃል አይተነፍስም።

ስንዱ፦ አንተ በተረጎምከውስ? በመክፈቻው ቀን እዚሁ መድረክ ላይ ሕዝብ በሰማው አማርኛስ?

መርዕድ፦ እሱን አልጠየቀኝም።

ስንዱ፦ ጉድ እኮ ነው! ባሌን መድረክ ላይ ያነቀው ተካልኝ ከታሰረ ጀምሮ የሚጮኸው አንድ ነገር ነው። «በቃ የድርሰቱ ቃል ነው፤ አዘጋጁ ነው የጨመረው፤ ለዚያ ነው ግዛቸውን ያልለቀቅኩት» ይላል። አንተ ደግሞ ሄደህ ውሸታም አደረግኸው።

መርዕድ፦ ስለ እንግሊዝኛው ተጠየቅኩ፣ ስለ እንግሊዝኛው መለስኩ።

ስንዱ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

መርዕድ፦ ተረትሽን ለመድረኩ ቆጥቢው። ወረፋው አደባባዩ ደርሷል። ሰው የታነቀበትን መድረክ ለማየት ነው የሚጋፋው፤ ሕዝብ ደም ሲሸተው እንዲህ ነው። ልብስሽን ቀይሪ።

ስንዱ፦ ይኸው ጥቁር ለብሻለሁ። ንግሥቲቱ መጨረሻ ላይ ጥቁር አይደል የምትለብሰው?

መርዕድ፦ መጨረሻ ላይ ነዋ። ስትገቢማ ነጭ ነው።

ስንዱ፦ እኔ መጨረሻው ላይ ነኝ።

መርዕድ፦ ደሞ ጀመርሽ። ግዛቸው ሆስፒታል እንዴት አደረ?

ስንዱ፦ ዛሬ አላቃሰተም። ጸጥ ብሏል።

መርዕድ፦ ተመስገን! አላልኩሽም? ያ ሰውዬ በሬ ነው እኮ። ድምፁ ይመለስለት እንጂ ራሱ ይናገራል። አደጋ ነው ይላል፣ ተካልኝ ይፈታል፣ ነገሩ ያበቃል። እስከዚያ ግን ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ስንዱ፦ የግዛቸው አፍማ ዝም አላለም። ዓይኑ ፈጦ ሊወጣ ደርሶ፣ ምላሱን ነክሶት ደሙ በጢሙ እየወረደ በቃ፣ በቃ፣ በቃ አለ። እኔ ከጎኑ ቆሜ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? «ዛሬ ደግሞ እንዴት አድርጎ ሠራት!» አልኩ። የገዛ ባሌን! ሕዝቡም አጨበጨበ። አንተ ከመጋረጃው ጀርባ እያለቀስክ ነበር፤ ስላማረልህ።

መርዕድ፦ መቀነቱን የሳብኩት እኔ አይደለሁም።

ስንዱ፦ አልሳብክም። በዚህ መድረክ ላይ በቃ ማለት ምን ማለት ነው?

መርዕድ፦ አሁን ይኼ ምን ያደር...

ስንዱ፦ መልስልኝ!

መርዕድ፦ አቁሙ ማለት ነው።

ስንዱ፦ ማን ያወጣው ሕግ ነው?

መርዕድ፦ ሦስታችን። እኔ፣ አንቺ፣ ግዛቸው። ጓዱን ያቋቋምነው ሦስታችን ነን።

ስንዱ፦ ጓዱን ሦስታችን፣ ሕጉን አንተ። የመላኩ ጥርስ በጋሻ የረገፈ ጊዜ፣ ከወለሉ እየለቀምክ ነው የተናገርከው። «ከዛሬ ጀምሮ ጎራዴ ቢስት፣ ሰው ቢወድቅ፣ በቃ የሚል የሰማ ሁሉ እጁን ይሰብስብ። የጮኸው ንጉሥም ይሁን ሎሌ» አልክ። ከዚያ ወዲህ እዚህ መድረክ ላይ ማንም ደምቶ አያውቅም ነበር። አንተ ያቺን ቃል አንስተህ የሚታነቅ ንጉሥ አፍ ውስጥ ከተትካት።

መርዕድ፦ ስንዱ፣ ሌላው ቢስተው አንቺ ትስቺዋለሽ? ይኼ ንጉሥ እኮ ዕድሜውን ሙሉ በቃ ሲል ዘፋኝ ዜማውን ይውጣል፣ ጦር ከመንገድ ይመለሳል፣ ሕፃን እንኳ ልቅሶውን ያቆማል። በሞቱ ቀን ግን በቃ ቢል፣ ደግሞ ቢል፣ ቢለምን፣ የሚሰማው የለም! ንግሥና ማለት እኮ ይኼ ነው፣ ማለቁም ይኼ ነው። ዝም ብሎ ቢሞት ማን ይገባዋል? እንግሊዙ ሰውዬ ራሱ አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ ይጽፋት ነበር።

ስንዱ፦ አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች! የድርሰቱ ባለቤት ዝም ብሎ ይሙት ካለ ዝም ብሎ ይሙታ! ከመቃብሩ ተነስቶ «አፍ ጨምርልኝ» ብሎሃል?

መርዕድ፦ ጥበብ አይገባሽም።

ስንዱ፦ አንገት ግን ይገባኛል።

መርዕድ፦ ቆይ፣ ተካልኝን መልአክ አደረግሽው እንዴ? ጠጅ ቤት ከግዛቸው ጋር በብርሌ ሲፈነካከቱ አልነበር? «አንድ ቀን አንቄ ነው የምገድልህ» ሲል ያልሰማ ማርቆስ ውስጥ አለ?

ስንዱ፦ ንጉሡን ማን ይሥራ ብለው ነው የተፈነካከቱት። አንተ ነህ አንዱን ለብቻው ጠርተህ «ካባው ያንተ ነው»፣ ሌላውን ለብቻው ጠርተህ «ካባው ያንተ ነው» ያልካቸው።

መርዕድ፦ መሪነት ነው። ተዋናይ ካልተቀናና አይሠራም።

ስንዱ፦ ይኸው ተቀናኑልህ! ማግስቱን ግን ታርቀው እኔው ቤት ከአንድ ትሪ በልተዋል። ፋሻ በፋሻ ሆነው እየተጎራረሱ። ተካልኝ ጠልቶት አይደለም ያነቀው። በቃ ሲለው ድርሰቱን የሠራ መስሎት አጥብቆ ሳበ። ሁልጊዜ የግዛቸው ጣት ከመቀነቱ ሥር ይገባ ነበር፤ የዚያን ቀን እጁ በዚሁ ካባ ሰንሰለት ተጠላልፎ ቀረ።

መርዕድ፦ አውቃለሁ።

ስንዱ፦ ደሙን ማን አጥቦት ነው?

መርዕድ፦ እኔ። ምን ላድርግ? ሌላ ካባ የለንማ!

ስንዱ፦ ደሙ ይፋረድህ።

መርዕድ፦ አትርገሚኝ!

ስንዱ፦ ልምምድ ላይ ግዛቸው ራሱ ጠይቆህ የለም? «እውነት ሲያንቀኝስ ምን ልበል?» አላለህም?

መርዕድ፦ ቀልድ ነበር።

ስንዱ፦ ምን ብለህ መለስክለት?

መርዕድ፦ እኔ እንጃ። የት አስታውሳለሁ!

ስንዱ፦ «ንጉሥ ሁለት በቃ የለውም» ነው ያልከው። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ።

መርዕድ፦ እንግዲያስ ሂጂና አንቺው ንገሪው! ምን እኔን ታደርቂኛለሽ?

ስንዱ፦ ነገርኩት። መርማሪው ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ፈገግ አለ። «የተጎጂ ሚስት ላነቀው ሰው እንዲህ የምትሟገተው ምን ቢያገናኛችሁ ነው?» አለኝ። እኔ በተናገርኩ ቁጥር የተካልኝ ገመድ ይጠብቃል። ሌሎቹን ጠራቸው። «አዘጋጁ ያለው ነው» ብለው መሬት መሬት አዩ። የሚፈሩህን ሰብስበህ ቴአትር አልከው።

መርዕድ፦ ሕዝቡስ? ሕዝቡ ሰምቷል አይደል?

ስንዱ፦ እሱ ነው የጉዱ ጉድ! ድርሰቱን ከዚያ በፊት ያየ የለ። «እየለመነው አነቀው፤ በቃ፣ በቃ እያለው ገደለው» ነው የሚሉት።

መርዕድ፦ ገደለው?

ስንዱ፦ ሊገድለው ነበር ማለቴ ነው። የሰው አፍ ነው።

መርዕድ፦ ታዲያ ተካልኝ ምን ሆነ? ግንብ ውስጥ ነው፣ ወታደር ይጠብቀዋል። ከኔና ካንቺ እሱ ይሻላል።

ስንዱ፦ አባቱስ?

መርዕድ፦ አያ ደምሴ? ገጠር አይደሉም?

ስንዱ፦ ገጠር ናቸው፤ ጎጇቸው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። የግዛቸው ወንድሞች ከብቸና መጥተዋል።

መርዕድ፦ መቼ? ሦስቱም?

ስንዱ፦ ሦስቱም። ጠመንጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው ሆስፒታሉ አጥር ሥር ተቀምጠዋል። ደም የሚፈልግ ሰው ግንብ አያፈርስም፤ ደጃፍ ላይ የተቀመጠውን ነው የሚፈልገው። አያ ደምሴ ዓይናቸው እንኳ አያይም፤ የሚመጣውን ማን ነህ ብለው ሊስሙት ነው የሚነሱት።

መርዕድ፦ እነዚያ የሰው ልጅ አይደሉም! በወሰን ነገር ጎረቤታቸውን በመጥረቢያ ፈልጠው፣ መጥረቢያውን አጥበው እንጨት የፈለጡበት ናቸው። ግዛቸው ራሱ ነው የነገረኝ፤ እየሳቀ።

ስንዱ፦ ስለዚህ አንተ አንድ ቃል ብትናገር ሽማግሌው ይተርፋሉ።

መርዕድ፦ ብናገርማ ደሙ ወደኔ ይዞራላ!

ስንዱ፦ እሰይ! አሁን ወጣህ። ጥበብ፣ ንግሥና፣ እንግሊዝኛ ምናምን ስትለኝ የነበረው ለዚህ ነው። ፈርተህ ነው።

መርዕድ፦ ፈራሁ! አዎ ፈራሁ! ምን ይሁን? ለሞተ እንግሊዛዊ አንዲት ቃል ብጨምር በመጥረቢያ ልፈለጥ?

ስንዱ፦ ለሌላ ሰው ጥፋት ዓይነ ስውር ይፈለጥ?

መርዕድ፦ ወዴት ነው?

ስንዱ፦ ወረፋው ላይ ቆሜ ለሕዝቡ ልነግረው። ሰው ይፍረደን።

መርዕድ፦ አትወጪም።

ስንዱ፦ እጄን ልቀቅ።

መርዕድ፦ አትወጪም አልኩ! ሃያ ዓመት የለፋሁበትን ቤት በአንዲት ምላስ አታፈርሽውም!

ስንዱ፦ ልቀቀኝ፣ መርዕድ፣ ክንዴን ሰበርከው! ልቀ... 

መርዕድ፦ ስንዱ! ስንዱ፣ እኔ እኮ ሳላስበው ነው። አሳዪኝ። ከንፈርሽ ነው? እጄ ነው የቀደመኝ።

ስንዱ፦ አትንካኝ።

መርዕድ፦ በማርያም ይዤሻለሁ፣ እጄ ነው የቀደመኝ። መሐረብ እንኪ። እየደማ ነው።

ስንዱ፦ ይደማ። ዘንድሮ በዚህ ቤት ያልደማ አንተ ብቻ ነህ።

መርዕድ፦ ይቅር በይኝ። እግርሽ ላይ ልውደቅ? ይኸው። ንጉሥ እግርሽ ላይ ወደቀ።

ስንዱ፦ ተነስ። ካባው ይቆሽሻል።

መርዕድ፦ አኮረፍሽ?

ስንዱ፦ አላኮረፍኩም። ቆይ፣ ትርዒቱን እንሥራ ነው የምትለው አይደል?

መርዕድ፦ እንሥራ! እህቴ፣ እንሥራ። የዛሬን አሳይተን፣ ስሜት በረድ ሲል እንመካከራለን።

ስንዱ፦ ንጉሡ አንተ። ማን ነው የሚያንቅህ?

መርዕድ፦ መላኩ ይሞክር ብዬ ነበር። ግን የዚያን ቀን ካየ ወዲህ መቀነት ሲያይ ያልበዋል።

ስንዱ፦ እኔ ላንቅህ።

መርዕድ፦ አንቺ?

ስንዱ፦ ንግሥቲቱ።

መርዕድ፦ ንግሥቲቱ ራሷ! በገዛ መቀነቷ! ስንዱ፣ ይኼ እኮ... ቆይ፣ ቆይ፣ ፀጉሬ ቆመ። በቃ የሚላት ለሚስቱ ይሆናል! አልጋ ያጋራት፣ ዘውድ የደፋላት ሴት አትሰማውም! ለምን ቀድሞ አልመጣልኝም? ሕዝቡ ይቀልጣል! አየሽ፣ አንቺን የመሰለ ሰው ይዤ ነው ይኼን ጓድ የመራሁት።

ስንዱ፦ ዙርና ተንበርከክ።

መርዕድ፦ እንዲህ? ከኋላዬ ሁኚ። ጣቶቼ ከሥሩ ይገባሉ፤ አንቺ የምትስቢ ትመስያለሽ፣ እኔ...

ስንዱ፦ ስንት ሰው ሲለማመድ አይቻለሁ፣ መርዕድ። አታስተምረኝ። እጅህን ሰንሰለቱ ውስጥ አስገባ።

መርዕድ፦ ለምን?

ስንዱ፦ እንደ ግዛቸው።

መርዕድ፦ ስንዱ፣ ይኼ ጥሩ አይ... ስንዱ! ጣቴ አልገባም! ቆይ!

ስንዱ፦ ቃልህን በል።

መርዕድ፦ በቃ!

ስንዱ፦ አሃ። ጥሩ አድርገህ አልካት። ድገማት።

መርዕድ፦ በቃ! የእውነት ነው! በ... ቃ!

ስንዱ፦ የቱ ነው? የድርሰቱ ነው ወይስ ያንተ? እኔ በምን ልለያት? አዘጋጁ አልነገረኝም! ሦስት ጊዜ ነው ያስጠናኸን፤ ሦስተኛዋን ሳልሰማ ብለቅ ትርዒት አበላሸሽ ትለኛለህ። በላ! እግርህን አትወራጭ፤ ግዛቸውም ተወራጭቶ ነበር፣ ሕዝቡ አጨበጨበ እንጂ ማንም አልመጣ። ምነው ከንፈርህ ጠቆረ? አሁን ጥበቡ ገባህ? የሚሰማህ የለም! ንግሥና ማለት ይኼ ነው! አንድ እፍኝ አየር የሚሰጥ የለም! ጭንቅላትህን ነቅንቅልኝ። ለመርማሪው ትነግረዋለህ? ትነግረዋለህ ወይ? በደንብ ነቅንቅ! ... እንግዲያው ተንፍስ።

መርዕድ፦ እ... እህ... አረመኔ! ገ... ገዳይ!

ስንዱ፦ ተንፍስ መጀመሪያ። ስድቡ አይጠፋብህም።

መርዕድ፦ ደም ተፋሁ! እይው! ደም ነው!

ስንዱ፦ ምላስህን ነክሰህ ነው። ግዛቸው ግማሹን ነው የነከሰው።

መርዕድ፦ ልትገድዪኝ ነበር! እያየሽኝ!

ስንዱ፦ ከኋላህ ነበርኩ፤ አላየሁህም። ሰማሁህ እንጂ። ተካልኝም ከኋላ ነበር።

መርዕድ፦ በቃ እያልኩሽ!

ስንዱ፦ በእንግሊዝኛው የለም እኮ።

መርዕድ፦ አለ! በእኔ ውስጥ አለ! እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ እኔ ነኝ! እሺ? ግዛቸው ሲጠይቀኝም ቀለድኩበት። ሁሉንም አውቄው ነው። ደስ አለሽ?

ስንዱ፦ ደስታ የት አባቱ አለ። ለኔ አይደለም፤ ጣቢያ ሄደህ እንዲሁ እንዳልከው ንገረው። ከዚያ አንተንም ግንቡ ይጠብቅሃል።

መርዕድ፦ እነግረዋለሁ። ሰኞ።

ስንዱ፦ ዛሬ። አሁን። ነቅንቀሃል እኮ!

መርዕድ፦ በመቀነት የተነቀነቀ ጭንቅላት ቃል አይሆንም። ዳኛ ፊት ብትወስጂኝም «አንቃ አስነቀነቀችኝ» ነው የምለው፤ አንገቴም ይመሰክርልኛል።

ስንዱ፦ ወይ አንተ! ትንፋሽህ ሳይመለስ ተንኮልህ ተመለሰ።

መርዕድ፦ አትጩሂብኝ፤ በረጋ ልብ እንነጋገር። የግዛቸው ወንድሞች ምን ሊያደርጉ? ሰው ሳይሞት ደም የለም! በሕይወት ያለ ሰው ደም ማን ይመልሳል? ዛሬ አላቃሰተም ብለሽኛል። ነገ ሾርባ ይጠጣል፣ ከነገ ወዲያ ይሰድበኛል። ያኔ ወንድሞቹን ሰብስቤ፣ ሽማግሌ ይዤ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ እላለሁ። ሽማግሌው ደምሴም ፀሐያቸውን ይሙቁ። ምን አጣደፈሽ?

ስንዱ፦ ቢሞትስ?

መርዕድ፦ አይሞትም!

ስንዱ፦ ቢሞትስ፣ መርዕድ? አንድ ጊዜ እውነቱን መልስልኝ። ግዛቸው ቢሞት ምን ትላለህ?

መርዕድ፦ ቢሞትማ... ለሞተ ሰው ምን ይደረግለታል? ያን ጊዜ ከነአካቴው አልናገርም። በእንግሊዝኛው ቃሉ የለም እላለሁ፣ አበቃሁ። ተካልኝ ወጣት ነው፣ ታስሮ ይወጣል። እኔ ግን በመጥረቢያ አልሞትም።

ስንዱ፦ አያ ደምሴስ?

መርዕድ፦ ዕድሜያቸውን ጠግበዋል።

ስንዱ፦ የመጨረሻ ቃልህ ነው?

መርዕድ፦ የመጨረሻዬ ነው። አሁን ነጩን ልበሽ፣ ከንፈርሽን ቀለም ቀቢበት። እኔ ቤቴ ደርሼ አንገቴን የምጠቀልልበት ሻሽ ላምጣ፤ በዚህ ሰንበር ሕዝብ ፊት አልቆምም። ብቻውን የሚኖር ሰው መከራው ብዙ ነው፤ የሚልከው እንኳ የለው።

ስንዱ፦ ቤትህ አትሂድ።

መርዕድ፦ በጓሮ በኩል ነው የምሄደው፣ ማንም አያየኝም።

ስንዱ፦ በጓሮም አትሂድ።

መርዕድ፦ ኧረ ምን ሆነሻል? ለምን አልሄድም?

ስንዱ፦ ግዛቸው ማለዳ ሞቷል፤ ወንድሞቹ የገዳዩን ቤት አሳዪን ሲሉኝ ያንተን በር ነው ያሳየኋቸው፣ እዚያ ይጠብቁሃል፤ ፖሊስ ጣቢያው ግን ከመንገዱ ማዶ ነው።